አንድ ሕንፃ፣ ብዙ ቋንቋ፦ የቤሩት ቤቶች ሙቀትና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ተግባቦት

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 መጨረሻ ሊባኖስ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ስትተዳደር ሰንብታለች። እንደ ወትሮው ቢሆን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚዞረው ማርች 25 ሌሊት ለ26 አጥቢያ ነበር። መንግሥት ግን የረመዳንን ጾም ምክንያት በማድረግ ለውጡ ወደ ኤፕሪል እንዲተላለፍ ወሰነ። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶችና መገናኛ ብዙኃን ውሳኔውን ባለመቀበል ሰዓታቸውን አዞሩ፤ ሌሎች ደግሞ በነበረው ቆዩ። በአንድ ጎዳና ላይ ከሚገኙ ሁለት ሱቆች የአንዱ ሰዓት ከሌላው በአንድ ሰዓት ይቀድም ነበር። ማርች 27 ቀን ውሳኔው ተሽሮ፣ ሰዓቱ በዚያው ሳምንት በመላ አገሪቱ እንዲዞር ተደረገ።

በቤሩትና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለው መዘበራረቅ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ «ሁለት ሰዓት» ሲባል ጠዋት ወይም ምሽት ነው፤ በአረብኛ ግን ቁጥሩ ከቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። ሁለቱም ተናጋሪዎች አልተሳሳቱም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የሚቆጠርበት መነሻ ይለያያል። መነሻውን አስቀድሞ ያልተጠያየቀ ሰው ቀጠሮውን ያጣል።

ከዚህ የማይለይ ችግር በዓይን በማይታይ ስፍራ፣ የሕንፃዎችን ሙቀትና የኤሌክትሪክ ፍጆታ በሚያሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች መካከልም ይፈጠራል። አርክቴክቱ የሚሥልበት ፕሮግራምና መሐንዲሱ የሚያሰላበት ፕሮግራም አንዱ የሌላውን መረጃ ሳያዛባ መቀበል መቻሉ የሶፍትዌሮች ተግባቦት ይባላል። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ ቢመስልም፣ በነሐሴ ሙቀት ማን በላብ እንደሚያድርና በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳብ ስንት እንደሚመጣ በመወሰን ረገድ ድርሻ አለው።

ሕንፃው ሳይሠራ የሚለካበት ስሌት

የሕንፃ ኃይል ሲሙሌሽን ማለት አንድን ሕንፃ በኮምፒዩተር ውስጥ አስመስሎ በመሥራት፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝና ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ በስሌት ማወቅ ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓታት አሉት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰዓት የውጭውን ሙቀት፣ የአየሩን እርጥበት፣ የነፋሱን ፍጥነትና የፀሐይዋን ጨረር ከአየር ጠባይ ፋይል ያነባል። ከዚያም ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን ሙቀት ይደምራል፤ ይቀንሳል። በቤቱ ያሉ ሰዎች፣ አምፖሎች፣ ምድጃና ማቀዝቀዣም ይቆጠራሉ። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻውን ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ስድስት ሰዎች ቢኖሩ ሙቀታቸው ከአንድ አነስተኛ የክፍል ማሞቂያ ጋር ይስተካከላል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል በስፋት የሚታወቀው ኢነርጂ ፕላስ ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ያስጀመረው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በነፃ ይገኛል። የተወለደውም ዶኢ-2 እና ብላስት ከተባሉ ሁለት ቀደምት ፕሮግራሞች ነው፤ ሁለቱም በአንድ መንግሥት ገንዘብ ለተቀራራቢ ሥራ ለየብቻ የተዘጋጁ ነበሩ። ኢነርጂ ፕላስ ሥዕል የሚሣልበት ገጽ የለውም። ተራ ጽሑፍ የሆነ ፋይል ይቀበላል፤ ውጤቱንም እንዲሁ በቁጥር ይመልሳል። የሕንፃውን ቅርጽ ሌላ ፕሮግራም ሥሎ ሊሰጠው የግድ ነው። ስለዚህ የተግባቦት ጥያቄ ከሥሪቱ አብሮት የተፈጠረ ነው።

ለቤሩት ለምን ያስፈልጋል?

በቤሩትና በዙሪያዋ የሚገኙ አብዛኞቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች በሲሚንቶና በውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ የሙቀት መከላከያ ሽፋን የሌላቸው ናቸው። በበጋ ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ወደ ውስጥ ይለቃል። በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ ወይም በደቡባዊው ዳርቻ በመጨረሻው ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።

የኤሌክትሪኩ ሁኔታም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2021 የዴር አማርና የዛህራኒ ኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው በመቆማቸው አገሪቱ በሙሉ ከመንግሥት መብራት ውጭ ሆና ነበር። ከ1994 ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየው የመንግሥት ታሪፍ ደግሞ በኖቬምበር 2022 ተሻሽሎ፣ የመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ያሉት 27 ሳንቲም እንዲከፈልባቸው ተደረገ። የጎደለውን የሚሞላው በየሰፈሩ ያለው ጄኔሬተር ነው። የ5 አምፔር «ኢሽቲራክ» ያለው ቤት በ220 ቮልት ሲሰላ በአንድ ጊዜ መጠቀም የሚችለው 1,100 ዋት ነው። 1,500 ዋት የሚፈልግ የውኃ ማሞቂያ ለብቻው እንኳ በዚህ መስመር ሊሠራ አይችልም። የቤት ውስጥ ሠራተኞች ልብስ ማጠቢያው ሲነሣ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት የለመዱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ነዳጁ በተወደደባቸው ዓመታት የፀሐይ ኃይል ፓኔሎች በየጣሪያው በፍጥነት ተተክለዋል። ይሁን እንጂ ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚበቃ ከመወሰን በፊት ቤቱ በየሰዓቱ ስንት እንደሚፈልግ መታወቅ አለበት። ከዚያም በፊት፣ ጣሪያውን መሸፈን ወይም መስኮቱን ማስጠለል ፍላጎቱን ምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት ይገባል። ያልባከነ ኃይል ፓኔል አይፈልግም።

ሊባኖስ ለዚህ የሚሆን መሠረት የላትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሕንፃዎች የሙቀት ደረጃ ሰነድ ተዘጋጅቷል፤ በ2010ም ተሻሽሏል። አገሪቱም ለዚህ ዓላማ በአራት የአየር ጠባይ ቀጣናዎች ተከፍላለች፦ የባሕር ዳርቻው፣ መካከለኛው ተራራ፣ የውስጡ ደጋማ ሜዳና ከፍተኛው ተራራ። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2019 ቤሩትን እንደ አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወስደው በከተማ ደረጃ የተሠራ የኃይል ሞዴል አሳትመዋል። ሞዴሉንም በስሌት ብቻ አልተዉትም፤ ከእውነተኛ ፍጆታ ጋር እያስተያዩ አርመውታል። እንዲህ ያለው ሥራ የሕንፃዎችን ቅርጽ፣ የአየር ጠባይንና የቆጣሪ ንባብን ከተለያዩ ምንጮች አምጥቶ በአንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ምንጮቹ ካልተግባቡ ሥራው አይጀመርም።

ትርጉሙ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

አለመግባባቱ በአራት ቦታዎች ጎልቶ ይታያል።

የመጀመሪያው ቅርጽ ነው። ለአርክቴክቱ ግድግዳ ውፍረት፣ ልስንና ቀለም ያለው አካል ነው። ለኃይል አስሊው ግን ግድግዳ ሙቀት የሚያልፍበት ስስ ገጽ ነው፤ ክፍሉም እንደ ሣጥን በሁሉም ጎን የተዘጋ መሆን አለበት። በሥዕሉ ላይ ጣሪያው ከግድግዳው በጥቂት ሳንቲሜትር ቢርቅ ለግንበኛው ምንም አይደለም። ለፕሮግራሙ ግን ክፍሉ ያልተዘጋ ነው፤ ስሌቱ ይቆማል ወይም ክፍሉን ይዘለዋል። ሁለት ክፍሎችን የሚያዋስን አንድ ረጅም ግድግዳም ለእያንዳንዱ ጎረቤት ተቆርጦ ካልተላለፈ፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው ሙቀት ወደ ውጭ እንደሚወጣ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። በአሜሪካ የግድግዳ ሙቀት አሳላፊነት የሚገለጸው በእግርና በፋራናይት ሲሆን፣ በሊባኖስም ሆነ በኢትዮጵያ የሚሠራበት ሜትርና ሴልሺየስ ነው። በአሜሪካው መለኪያ 0.5 የሆነ ግድግዳ በሜትሩ 2.84 ገደማ ይሆናል። መለኪያው ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ቢተላለፍና ተቀባዩ ፕሮግራም 0.5ን እንደ ራሱ መለኪያ ቢያነበው፣ ባዶው የብሎኬት ግድግዳ ስድስት እጥፍ ሊጠጋ በሚችል መጠን የተሻለ ሆኖ ይታያል። ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር በሆነ ግድግዳ፣ ከውስጥና ከውጭ የ10 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ እውነተኛው የሚያልፈው ሙቀት 284 ዋት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ግን 50 ዋት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የተመረጠ ማቀዝቀዣ ቤቱን አያቀዘቅዝም። የመለኪያ ስሕተት ትልቅ ተቋምንም ይጥላል፦ ወደ ማርስ የተላከች የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ ያሰላውን ሌላው በሜትሪክ ስለተቀበለው ነበር።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የአየር ጠባይ ፋይል ዓመቱን ሙሉ በመደበኛው ሰዓት ይመዘገባል፤ የበጋ ሰዓት ለውጥን አያውቅም። ሰው ግን የሚነሣውና የሚተኛው በግድግዳው ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ የሊባኖስ ሰዓት በማርች መጨረሻ እንደሚዞርና በኦክቶበር መጨረሻ እንደሚመለስ ካልተነገረው፣ የሰዎቹ እንቅስቃሴ ሁሉ ከፀሐይዋ ጋር በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ትንሽ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ በሚመለከት ሰፊ መስተዋት ቤት ውስጥ፣ ሰው ወደ ቤቱ በሚመለስበት የማምሻ ሰዓት ሲሆን ግን የማቀዝቀዣውን መጠን ሊለውጥ ይችላል። በ2023 በሰዎች ላይ የደረሰው በፕሮግራሞችም ላይ ይደርሳል።

አራተኛው ስም ነው። ቤሩት ውስጥ አንድ የሥዕል ፋይል በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስሞችን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን ካላወቀው ወይም የአረብኛው ፊደል በጥያቄ ምልክት ከተተካ፣ ባዶውን ቦታ በራሱ ግምት ይሞላዋል። መስተዋት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤሩት ወደብ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በከተማዪቱና በዳርቻዋ የነበሩ መስኮቶችንም እንዳልነበሩ አድርጓል። ተራ ነጠላ መስተዋት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት ከአሥር ስምንት እጁን ያህል ያስገባል፤ ፀሐይ እንዲከላከል የተለበጠ መስተዋት ግን ሦስት እጁን ብቻ ሊያስገባ ይችላል። የመስተዋቱ ዓይነት በዝውውር ላይ ከጠፋ፣ የተሻለውን መስተዋት ለመግዛት የወጣው ገንዘብ በስሌቱ ውስጥ ፋይዳ የሌለው ይመስላል።

የጋራ ቋንቋ ፍለጋ

ችግሩ የአንድ አገር አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2004 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር የግንባታ ዘርፍ ፕሮግራሞች ባለመግባባታቸው የሚደርሰውን ኪሳራ ለ2002 ዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። አንዱ የጻፈውን ሌላው እንደገና መጻፉ፣ አንዱ የሣለውን ሌላው እንደ አዲስ መሣሉ ከብክነቱ ውስጥ ይቆጠራል።

መፍትሔ ሆነው ከቀረቡት መካከል ሁለት የጋራ የፋይል ዓይነቶች ጎልተው ይታወቃሉ። የመጀመሪያው አይ.ኤፍ.ሲ. ሲሆን፣ ቢልዲንግ ስማርት በተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚመራ ነው። ከመሠረት እስከ ጣሪያ፣ ከበር እስከ ቧንቧ የሕንፃውን መረጃ ሁሉ ለመሸከም የታሰበ ሲሆን፣ በ2013 አይ.ኤስ.ኦ. 16739 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ሁለተኛው ጂ.ቢ.ኤክስ.ኤም.ኤል. ይባላል። ይህኛው ለኃይል ስሌት የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ማለትም ክፍሎችን፣ ገጾችን፣ መስኮቶችንና አጠቃቀማቸውን ይሸከማል። የመጀመሪያው የቤት ዕቃን ሁሉ እንደሚጭን የጭነት መኪና፣ ሁለተኛው ለመንገድ የሚያስፈልገውን ብቻ እንደያዘ ሻንጣ ነው። መኪናው ብዙ ይይዛል፤ የሚፈለገውን ከውስጡ ማውጣት ግን ይከብዳል። ሻንጣው ቀላል ነው፤ ያልተጨመረበት ነገር ግን አይገኝበትም።

ሦስተኛው መንገድ ፋይል ከማስተላለፍ ይልቅ ፕሮግራሞቹ ጎን ለጎን እየሠሩ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኤፍ.ኤም.አይ. የተባለው ደንብ ለዚህ ያገለግላል። አንዱ ፕሮግራም የሕንፃውን ሙቀት ሲያሰላ፣ ሌላው የባትሪውንና የፀሐይ ፓኔሉን ሁኔታ ያሰላል፤ በየደረጃውም ቁጥር ይለዋወጣሉ። የመንግሥት መብራት መጥቶ በሚሄድበት፣ ጄኔሬተር በሚተካበት፣ ባትሪ በሚሞላበትና በሚያልቅበት ከተማ እንዲህ ያለው ስሌት የዕለት ኑሮን ይመስላል።

መግባባት ብቻውን ግን እውነት መናገር አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞች በሚገባ ተግባብተው ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ቤስቴስት የተባለ የፈተና ዘዴ አበጅተዋል። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 6፣ ከፍታው 2.7 ሜትር የሆነ፣ ወደ ደቡብ 12 ካሬ ሜትር መስተዋት ያለው ቀላል ሣጥን መሰል ቤት ለሁሉም ፕሮግራሞች ይሰጣል፤ ውጤታቸውም ይነጻጸራል። ከሌሎቹ የራቀ ውጤት ያመጣ ፕሮግራም ምክንያቱ ይመረመራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የፕሮግራሞች ብዛት ኃይል የሚሆነው ክሮቹ አንድ ላይ መገመዳቸው ሲረጋገጥ ነው።

በሥዕሉ ላይ የጠፋው ክፍል

ይህ ሁሉ በአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ሕይወት ላይ የሚያርፍበት አንድ ግልጽ ቦታ አለ። በብዙ የቤሩት አፓርታማዎች ሥዕል ላይ ከወጥ ቤቱ አጠገብ የሠራተኛ መኝታ የሆነ አነስተኛ ክፍል ይገኛል። ስሙ በፈረንሳይኛ፣ በአረብኛ ወይም በምህጻረ ቃል ሊጻፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ስሙን ሳያውቀው ሲቀር፣ ለትንሽ ክፍል የሚሰጠው ግምት የዕቃ ማከማቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ሞዴሉን ለማቅለል ሲባል ትንንሽ ክፍሎች ከአጠገባቸው ካለው ትልቅ ክፍል ጋር ይቀላቀላሉ።

የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም። ማከማቻ ሰው አያድርበትም፤ ስለዚህ የሰው ሙቀት፣ የንጹሕ አየር ፍላጎትና ማቀዝቀዣ አይቆጠሩለትም። ክፍሉ 34 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ በሪፖርቱ ላይ ምቾት የተጓደለበት ሰዓት ሆኖ አይመዘገብም፤ ምክንያቱም በፕሮግራሙ ዓይን የሚጓደልበት ሰው የለም። ሪፖርቱ ቤቱ ምቹ ነው ይላል፤ በቤቱ ከሚያድሩት አንዷ ግን ሌሊቱን በላብ ታሳልፋለች። ስሕተቱ የማንም ክፋት ሳይኖርበት፣ አንድ ቃል ባለመተርጎሙ ብቻ ሊፈጠር ይችላል። የሚታረመውም በዚያው ቃል ነው፦ ክፍሉ «መኝታ»፣ ነዋሪው «አንድ ሰው» ተብሎ ሲሞላ ስሌቱ ለመስኮት፣ ለነፋስ መግቢያና ለጥላ ቦታ ይሰጣል።

በጋራ ተከራይተው በሚኖሩ ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፕሮግራሙ በራሱ ግምት ለአንድ አነስተኛ አፓርታማ ሁለት ወይም ሦስት ነዋሪ ሊሰጥ ይችላል። በእሑድ ዕረፍት ቀን ስምንት ሰው የሚሰበሰብበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ምድጃ የሚነድበት ቤት ግን ከዚህ ግምት ጋር አይገናኝም።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

ነዋሪው ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም። ሞዴሉ እውነት የሚናገረው ግን ከእርሱ በሚያገኘው መረጃ ነው። የመንግሥት ቆጣሪንና የጄኔሬተር ቆጣሪን ንባብ በየወሩ ከነቀኑ መዝግቦ መያዝ ትልቅ ዋጋ አለው። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም መግለጽ ይገባል፤ በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር የተጻፈ ንባብ በፈረንጆቹ ቢነበብ የነሐሴ ፍጆታ ለሌላ ወቅት ይሆናል። በመኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ተራ ቴርሞሜትር ሌሊት የሚያሳየውን ቁጥር መጻፍም እንዲሁ።

ሕንፃው ሲታደስ ወይም ፀሐይ ኃይል ሲተከል መሐንዲስ ቢመጣ፣ ማን የት እንደሚያድርና ስንት ሰው እንደሚኖር መናገር፣ የማይታየውን ክፍል እንዲታይ ያደርጋል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደተባለ፣ ፓኔል ለመግዛት ገንዘብ የሚያዋጡ ተከራዮችም ስሌቱ በየሰዓቱ የተሠራ ወይስ በወር አማካይ የተገመተ መሆኑን መጠየቅ ይችላሉ። ለመማር ጊዜ ያላቸው ወጣቶች ደግሞ ኢነርጂ ፕላስ በነፃ የሚገኝ መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል። ባሕር ጠረፍ ላይ ላለችው ቤሩትም ሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችው አዲስ አበባ የሚያስፈልገው የአየር ጠባይ ፋይል ቢለያይም፣ የስሌቱ ሕግ አንድ ነው።

በማርች 2023 የሊባኖስ ሰዓቶች ዳግም የተስማሙት አንደኛው ወገን ከሌላው የተሻለ ሰዓት ስለነበረው አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ ለመቁጠር ስለተስማሙ ነው። በሕንፃ ስሌትም ነገሩ ይኸው ነው። መለኪያው ሲጻፍ፣ ሰዓቱ ሲገለጽ፣ ክፍሉ በስሙ ሲጠራና በውስጡ የሚያድረው ሰው ሲቆጠር፣ ስሌቱ ሰዎች በእርግጥ የሚኖሩበትን ቤት ይመስላል።